የዘጠኝ ቁጥር ከረጢት

ሰኞ፣ 3

እንግዶቹ ገቡ። ሃያ ስድስት ተጫዋች፤ አሠልጣኙ፣ ሐኪሙ፣ ጠባቂው ደግሞ ለብቻው ከዚያ አያንስም። ውድድሩ እስኪያልቅ የሆቴሉ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ የእነሱ ነው። ኃላፊዋ ጠርታ፣ "አንቺ ዝምተኛ ነሽ፣ የቡድኑን ልብስ ላንቺ ነው የምሰጠው" አለችኝ። ዝምታ ለሹመት ሲያበቃ ዛሬ አየሁ።

ትጥቅ ያዣቸው፣ ማሊያና ጫማቸውን የሚይዘው፣ አሠራሩን አሳየኝ። ድሮ እዚህ ሠርቶ ስለነበር ቋንቋችንን ይሞካክራል። እያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥሩ የተሰፋበት የመረብ ከረጢት አለው። ከልምምድ ሲመለስ የለበሰውን ሁሉ እዚያ ከትቶ፣ አፉን አስሮ በሩ ላይ ያስቀምጣል። እኔ ሳልፈታው ከነከረጢቱ ማሽን ውስጥ እከታለሁ፣ አድርቄ እመልሳለሁ። የማንም ካልሲ ከማንም አይደባለቅም። ደስ የሚል አሠራር ነው።

ሐሙስ፣ 6

ወንድሜ ዛሬ እራት ላይ አናገረኝ። ሞባይል ጠጋኝ ስለሆነ ቀን የሰው ስልክ ላይ፣ ማታ የራሱ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚውለው። እናታችን ስትሞት ትንሽ ልጅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። አሁን ጎረምሳ አይባልም፣ ግን ከኔ ጋር ማውራት ከተወ ቆይቷል።

"እታለም፣ እንግዶችሽ እሁድ ያሸንፋሉ?"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ዓለም ሁሉ ተሰብስቦ ስልሳ ሁለት ነው የሚለው።"

ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው ወንበሩን ወደኔ ሳበ። "ወረቀት ነው በይው። ስልክ ላይ ነው ያለው፣ ግን ወረቀት በይው። 'እንግዶቹ ያሸንፋሉ' ይላል። ካሸነፉ መቶ ሳንቲም ይከፈልበታል፣ ካላሸነፉ አፍንጫ መጥረጊያም አይሆንም። አንቺ ብትሆኚ ዛሬ በስንት ትገዢዋለሽ?"

"እንደ ጉልበታቸው ነዋ።"

"ይኸው ገባሽ! ሰው ሁሉ እንደ እምነቱ ሲገዛና ሲሸጥ ዋጋው ስልሳ ሁለት ላይ ቆመ። ከመቶ ስልሳ ሁለት ያህል ይታመናሉ ማለት ነው። 'አያሸንፉም' የሚለው ወረቀት ደግሞ የቀረውን ሠላሳ ስምንት ያወጣል። አቻ ቢወጡም የሚከፈለው ለ'አያሸንፉም' ነው።"

"ሻጩ ማነው?"

"እንዳንቺው ያለ ሰው፤ ግን ተቃራኒውን የሚያስብ። የት እንዳለ አይታወቅም። ጨዋታው ሳይደርስ ሐሳብሽን ብትለውጪ በዕለቱ ዋጋ መልሰሽ ትሸጫለሽ። አዲስ ወሬ ሲመጣ ዋጋው ይነቃነቃል። ወሬውን ቀድሞ የሰማ ነው የሚበላው።"

እኔ ፊደል የለየሁት ሳሙና ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ጫፉ ተቀዶ መጨረሻውን ያላየሁት ስንት ታሪክ አለ። ይህ ግን መጨረሻው ድረስ ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ፤ ያ ከማዶ ሆኖ የሚሸጥልን ሰውዬ። እሱም ማታ እህቱን ያማክር ይሆን?

እሁድ፣ 9

አሸነፉ። ሁለቱንም ጎል ያገባው ዘጠኝ ቁጥር ነው። ወንድሜ ቤቱን በጩኸት ሞላው። ሸሚዙን ሊቀደው ነበር፤ እኔ ነኝ የተኮስኩት።

ረቡዕ፣ 12

ወንድሜን፣ አራት ቁጥር ጉልበቱ ላይ የሚያስረው ጨርቅ ዛሬ ሁለት ሆኖ መጣ አልኩት። ስለ ልብስ ነው ያወራሁት፣ ሌላ ምንም አላልኩም። ሳህኑን ካነሳሁ በኋላ እንኳን ከጠረጴዛው አልተነሳም። ሻይ አፍልቶ ሰጠኝ። ስኳሩ በዛ። ጠጣሁት።

ማድ ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ፣ ጨዌ የምንላት፣ ስንወጣ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አይታ፣ "ኧረ እቴ! ሰሞኑን በአጀብ ነው የምትሄጂው፤ ሙሽራ ልትሆኚ ነው?" አለችኝ። ሳቅኩ። ደስ ብሎኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ሰኞ፣ 17

የዘጠኝ ቁጥር ከረጢት ዛሬም ባዶ ነው። ቅዳሜ ባዶ፣ ትናንት ባዶ። አፉ ታስሮ በሩ ላይ ተቀምጧል፣ ውስጡ ምንም የለም። የሌሎቹ ጭቃና ላብ ጠግቦ ነው የሚመጣው። ልምምዱ ለውጭ ሰው ዝግ ነው፤ ጋዜጠኛም አያስገቡም። ግን ልብሱ ያልቆሸሸ ሰው አልሮጠም። በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ፤ ልብስ ዋሽቶኝ አያውቅም።

እራት እያቀረብኩ፣ "ዘጠኝ ቁጥር ታሞ ይሆን?" አልኩ። ለራሴ ነበር ያልኩት።

ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ምን አልሽ?"

"ምንም።"

"እታለም! በእናታችን!"

ሦስት ቀን ልብሱ አልመጣም አልኩት። ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። የፊታችን እሁድ ጨዋታው ካለፈው ዋንጫ ባለቤት ጋር ነው፤ ያለ ዘጠኝ ቁጥር ምን ያደርጋሉ? ምግቡን ሳይጨርስ ወጣ። በልቶ ቢወጣ ምን ነበረበት።

ማክሰኞ፣ 18

ሃምሳ ስምንት የነበረው የእንግዶቹ ዋጋ አርባ አንድ ገባ።

ወንድሜ ስልኩን አምጥቶ አሳየኝ። ቀጥ ብሎ ሲሄድ የነበረ መስመር ትናንት ማታ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። "አየሽው? ይሄ አንቺ ነሽ" አለኝ በጣቱ እየነካ።

አንተ ብቻ ነህ የሸጥከው ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ መጀመሪያ እሱና ሁለት ጓደኞቹ፣ ከዚያ አንድ ብዙ ያለው ሰው፤ ከዚያ በኋላ የማይታወቅ ሰው ሁሉ ነው አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሲሸጡ ያየ፣ "የሚያውቁት ነገር አለ" ብሎ ሸጠ። እሱን ያየ ደግሞ ተከተለው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

እኔ ገበያ ሄጄ እንኳን ዋጋ አልከራከርም። በማላውቀው አገር የተቀመጠ ሰው በኔ አፍ ምክንያት ንብረቱን ይሸጣል? ስለ ልብስ ነው ያወራሁት። ስለ ልብስ ብቻ።

ረቡዕ፣ 19

ቤታችን ሰው መጣ። ያ ብዙ ያለው ሰው ነው። ወንድሜ ጋሼ ይለዋል። እኔ ባለ ኮፍያው እለዋለሁ፣ ቤት ገብቶም አላወለቀውም።

"እህቴ፣ እርስዎ ምንም አይድከሙ" አለኝ። "የሚያዩትን ለወንድምዎ ብቻ ሹክ ይበሉት።"

"እኔ ልብስ ነው የማጥበው።"

"እኔስ ምን አልኩ? ልብስ ነው ያልኩት!" ብሎ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ፣ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም። ሲወጣ በራችን ላይ ቆሞ መቀርቀሪያውን ወዲያ ወዲህ አደረገው። "ይቺ እኮ ልቅ ናት፣ አሠሯት" አለ።

የጠጣበትን ብርጭቆ ደጋግሜ አጠብኩት።

ሐሙስ፣ 20

ሠራተኛውን ሁሉ ምግብ አዳራሽ ሰበሰቡን። ኃላፊዋ አጠገብ የቡድኑ ጥበቃ ሹም ቆሟል፤ ትጥቅ ያዡ ያስተረጉምለታል።

ሹሙ ያለውን እንዳለ ልጻፈው። "ዘጠኝ ቁጥር ደህና ነው። አንድ ቀን ልምምድ አላመለጠውም። ደህና ሆኖ ሳለ በውርርዱ ገበያ ዋጋችን በአንድ ሌሊት ወደቀ። ይህ እንዲያው አይሆንም። ታሞ ቢሆን፣ አንድ ሰው አውርቶ ነው እንል ነበር። ካልታመመ ግን፣ አንድ ሰው እስከ እሁድ ሊያሳምመው አስቧል ማለት ነው።"

ደህና ነው። ዘጠኝ ቁጥር ደህና ነው። ወንበሩን ይዤ ቆምኩ።

አዳራሹ ጸጥ ሲል ጨዌ፣ "እኔ ሾርባውን ሳልቀምስ አላወጣም፤ ከመረዝኩትማ ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝ!" አለች። እንደ ልማዷ ልታስቀን ነው። ማንም አልሳቀም። አስተርጓሚው ወደ ሹሙ ጆሮ ጠጋ ብሎ ያለችውን ነገረው፤ ሹሙ ቀና ብሎ አያት።

ከምሳ በፊት ሽርጧን አስፈቷት። ነገሩ እስኪጣራ ቤትሽ ቆዪ አሏት። በማጠቢያው በር በኩል ስታልፍ፣ "እቴ፣ ድስቴን አደራ፤ እነዚህ ያሳርሩታል" አለችኝ። ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። እጄን ብቻ አነሳሁ።

ከሰዓት ትጥቅ ያዡን ጠየቅኩት። "የዘጠኝ ቁጥር ልብስ ለምን አይመጣም?"

ሳቀ። "እሱ? ትልቅ ጨዋታ ሲመጣ ልብሱን ለማንም አይሰጥም። መታጠቢያ ቤት ገብቶ በእጁ ያጥባል። ሌላ ሰው ካጠበው ጉልበቴ አብሮ ይታጠባል ይላል። እብድ ነው! ሳሙና እንኳን ከቤቱ ነው ይዞ የሚመጣው።"

እኔም ሳቅኩ። እስኪያልፍ ሳቅኩ። ከዚያ ማሽኑ ላይ ተደግፌ ቀረሁ።

አርብ፣ 21

ለወንድሜ ነገርኩት። አንዴ ሁለቴ አስደገመኝ።

"በእጁ ያጥባል?"

"በእጁ።"

"ምነው እታለም! ምነው ቀድመሽ ብትጠይቂ!"

እውነቱን ነው። እሱስ ለምን አልጠየቀኝም? ያለህን ሽጠህ ውጣ አልኩት። የኔ ቀላል ነው አለኝ። የጋሼ ግን ብዙ ነው፤ 'አያሸንፉም' የሚለውን በየጊዜው ሲያጠራቅም ነው የከረመው። ያን ሁሉ ባንዴ ላውጣ ቢል ገዢ የለውም፤ ሲሸጥ ያየው ሁሉ ይሸሻል፣ ዋጋው እጁ ላይ ይወድቃል። የሱ ብቻም አይደለም፤ የሌሎች ሰዎች ገንዘብም አለበት። "ሳልነግረው ብወጣ ይገድለኛል" አለ። እንደ ቀልድ ነው ያለው። ፊቱ ግን ቀልድ አልነበረም።

ሊነግረው ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም።

ቅዳሜ፣ 22

አብረው ተመለሱ። ባለ ኮፍያው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ሰው ይሳሳታል" አለ። "አሁን እውነት ማድረግ ነው።" ከኪሱ የዓይን ጠብታ የምታክል ጠርሙስ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አቆማት። "እሱ ልብሱን ካልሰጠሽ አንቺ ፎጣውን ትሰጪዋለሽ። ጠዋት ፊቱን የሚያብስበትን። ትንሽ ይቆጠቁጠዋል፣ በማግስቱ ይተወዋል።"

ከ"እርስዎ" ወደ "አንቺ" የወረድኩት መቼ እንደሆነ አላየሁም።

"አልችልም" አልኩ።

"ትችያለሽ። እዚያ ፎቅ የምትገቢው አንቺ ነሽ።" ቀስ ብሎ እጁን ወንድሜ ትከሻ ላይ አሳረፈ። "እሱ ደግሞ ከኔ ጋር ይቆያል። እሁድ ጨዋታውን አብረን እናያለን።"

ወንድሜ ቀና ብሎ አላየኝም። ሲወጡ ግን በጣም ቀስ ብሎ፣ "እባክሽ" አለ። አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እባክሽ አድርጊው ነው? እባክሽ አታድርጊው ነው? የቱን እንዳለ የማውቀው ይመስለኛል፤ አልጽፈውም።

ሥራ ገብቼ፣ ጓንት አድርጌ ከጠርሙሷ አንድ ጠብታ አሮጌ ጨርቅ ላይ ጣልኩ። መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ ተበስቷል፣ ዳር ዳሩ ብል የበላው መስሏል። ትንሽ ይቆጠቁጠዋል አለኝ። ዓይን ነው እኮ።

እሁድ፣ 23፣ ጠዋት

ፎጣዎቹን ላወጣ ነው። ጠርሙሷ በሽርጤ ኪስ ናት።

እሁድ፣ ቀትር ላይ

አላደረግኩም።

ዘጠኝ ቁጥር በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ጸጉሩ እርጥብ ነው። ከኋላው የመታጠቢያ ቤቱ ዘንግ ላይ ማሊያውና ካልሲው ተሰቅሎ ያንጠባጥባል፤ አጨማመቁ ደህና ነው፣ አንገቱን ግን አላሸውም። ፎጣውን ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ። በቋንቋው አንድ ነገር አለ። ሽማግሌ የሚያከብር ሰው የሚለው ዓይነት ነገር ነበር።

ጠርሙሷን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ የመርዝ ምልክት ካለበት የማጽጃ ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ከነክዳኗ ጣልኳት። አሁን ቤት ነኝ። ወንድሜ የት ቤት ተቀምጦ ጨዋታ እንደሚያይ አላውቅም። ዘጠኝ ቁጥር ቢያገባ ምን ያደርጉታል? እንዳያገባ መለመን ጀመርኩ። ከዚያ ደነገጥኩ። ይህ ልመና ከጠርሙሷ በምን ይለያል?

እሁድ፣ ማታ

ባዶ ለባዶ። አቻ።

መጨረሻው ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። ዘጠኝ ቁጥር ኳሷን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ቆመ። በማሊያው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። እንደገና ጠረገ። ሰማይ ላይ ሰደዳት።

ጎረቤት ሁሉ ጮኸ። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቀረሁ። ጠርሙሷ ተከድና ነበር? ጨርቁ ላይ ካንጠባጠብኩ በኋላ በደንብ ከድኛታለሁ? ፎጣውን ያቀፍኩት በሽርጡ በኩል ነው። ሽርጡን አሸተትኩት፣ በመብራት አየሁት። ምንም የለውም። የለውም? ጓንቱን የት ጣልኩት?

አላደረግኩም። አላደረግኩም።

ሰኞ፣ 24

ትጥቅ ያዡን ጠዋት አገኘሁት። ዘጠኝ ቁጥር እንዴት ነው አልኩት። "ቁርሱን የሁለት ሰው በላ" አለኝ። "ፀሐይ ነበረች ዓይኑ ውስጥ። እሱ ግን ሌላ ነው የሚለው፤ ማሊያዬን በደንብ አላለቀለቅኩትም፣ ሳሙናው ከላቡ ጋር ወረደብኝ ይላል።"

ማጠቢያው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ማሽኖቹ ሲዞሩ ድምፅ አይሰማም።

ማታ ሁለቱም መጡ። ወንድሜ ከስቷል፣ በደህና ግን መጣ። ባለ ኮፍያው ኮፍያውን አወለቀልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

"እጅሽ ይባረክ" አለኝ።

"አላደረግኩም።"

"እ?"

"አላደረግኩም! ጠርሙሷን ጥያታለሁ። ሳሙና ነው ዓይኑ የገባው፣ የራሱ ሳሙና። እኔ አልነካሁትም!" ድምፄ እንደዚያ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም።

ባለ ኮፍያው ፈገግ አለ። ወደ ወንድሜ ዞረ። "አየህ? እንዲህ ነው እንጂ! ለኔ እንኳን አትናዘዝም። ፖሊስ ቢይዛት ትንፍሽ አትልም።" ከዚያ ወደኔ፣ "ሰኞ ሌላ ቡድን ከነዚህ በላይ ያለው ፎቅ ይገባል አሉ። የሱንም ፎቅ ላንቺ እንዲሰጡሽ አድርጊ።"

ሄደ። ወንድሜን እጁን ያዝኩት። "አንተ ታምነኛለህ፣ አይደል?"

"እታለም፣ ተይው። አደረገችው ብሎ ቢያምን ነው የሚሻለን።"

"አንተን ነው የጠየቅኩት።"

ፈርቶኛል። ያሳደግኩት ልጅ፣ ጥፍሩን የቆረጥኩለት፣ ዓይኔን አላይም አለ።

ረቡዕ፣ 26

ጨዌን ካሰናበቷት ሳምንት ሊሞላ ነው። ትናንት ለማድ ቤቱ ሌላ ሰው ቀጠሩ። ነገሩ "ተጣራ" ማለት ነው፣ ሳይጣራ። ኃላፊዋ ደግሞ ሰኞ ለሚገባው ቡድን እኔን ጽፋኛለች። "ባንቺ አንድ ቀን ቅሬታ አልመጣም" አለችኝ።

ማንም አልጠረጠረኝም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ዝም ካልኩ ሁሉ ነገር እንደዚህ ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጠርሙሷን የምጥልበት በርሜል አይኖርም። እያንዳንዷን ከረጢት እያየሁ ማታ ምን እንደምል ሳስብ ልኖር ነው። ካወራሁ ደግሞ ወንድሜ።

ከሥራ ወጥቼ ጨዌ ቤት ሄድኩ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ከባዶው ከረጢት ጀምሬ እስከ ጠርሙሷ ነገርኳት። ቢላዋውን አላስቀመጠችም። ስጨርስ ጥቂት ላጠች።

"እኔ ቀልዴን ነበር የረገምኩት" አለች። "ሌሊት ሌሊት፣ አፌን ምን ነካው እያልኩ።"

"ይቅር በይኝ።"

"አሁን አይደለም።" እጇን ታጠበች። "ወንድምሽ የት ነው ያለው?"

"ቤት።"

"ዛሬውኑ አውጪው። አጎቴ ጋ ይሂድ፣ ሩቅ ነው፣ ማንም አያገኘውም። ነገ ጠዋት አንቺና እኔ ኃላፊዋ ጋ እንገባለን። የመጣሽው እኔ ጋ ለማልቀስ ብቻ ከሆነ ግን እንዳገባብሽ ውጪ።"

ወንድሜን ሳይመሽ አሳፈርኩት። መጀመሪያ እንቢ አለ፣ ቀጥሎ ከእጁ የቀማሁትን ስልኩን ስጪኝ አለ። ስልኩን አልሰጠሁትም። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ "አላደረግሽውም አይደል?" አለኝ። አሁን መጠየቁ ነው። እየሮጥኩ "አላደረግኩም" አልኩት። ይስማኝ አይስማኝ አላወቅኩም።

ሐሙስ፣ 27

ከኃላፊዋ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። የቡድኑ ጥበቃ ሹምና ትጥቅ ያዡም ውስጥ ናቸው፤ በመስታወቱ ጥላቸው ይታያል። ጠዋት ስወጣ የቤቴ መቀርቀሪያ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ማን እንደነካው አላየሁም። ረግጬው መጣሁ።

የምለውን በልቤ እደጋግማለሁ። ልብሱ አልመጣም አልኩ። አወራሁ። ሰው መጣ። ጠርሙስ ሰጠኝ። ስለ ልብስ ነው ያወራሁት የሚለውን አልልም።

ጨዌ አጠገቤ ናት። ከትናንት ወዲህ አላናገረችኝም። ቦርሳዬን ግን ከእጄ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ለመጻፍ እንዲቀለኝ ይሆናል። እንዳልሸሽም ይሆናል።

በሩ ተከፈተ።